ሩጫዋን እስክትጨርስ

ሚስቴ ፀሐይወርቅ ስትሮጥ እኔ ከኋላዋ ባጃጅ እነዳለሁ። ሥራዬ እሱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥራዬስ ሰው መጫን ነው። ግን በየጧቱ፣ ባጃጅ መንቀሳቀስ ከሚፈቀድለት ሰዓት አንሥቶ፣ ሁለቱን ልጆቻችንን ከኋላ ወንበር ላይ በጋቢ ጠቅልዬ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ዘንዘልማ እከተላታለሁ። ልጆቹን የት እንጣላቸው? ሠራተኛ የለን፣ ቅርብ ዘመድ የለን። ይኼ የማወራችሁ ነገር በሆነ ጊዜ ዜማ አምስት ዓመቷ ነበር፤ መንገዱን እያየች ስታወራ ትውላለች። ብሩክ ገና ጡት አልጣለም። ይተኛል፣ ሲነቃ ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ እናቱ ሩጫዋን አቁማ ባጃጇ ውስጥ ገብታ ታጠባዋለች፤ ከዚያ ወርዳ ትቀጥላለች። የኛ ልምምድ ይኼው ነበር።

መንገደኛ ይኼን አይረዳም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝና ልጆቹን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄድን፣ «ምነው ወንድሜ፣ ባጃጇ ታማለች እንዴ?» አለኝ።

«ደኅና ናት፤ ያቺን ሴት እየተከተልሁ ነው» አልሁት።

ሰውየው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ የተጠቀለሉትን ልጆች አየ። «ምን አድርጋህ ነው አንተ?» ብሎ በል አውርደኝ አለና ወረደ። ድሮ ቢሆን ፀሐይወርቅ ይኼን ስነግራት ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን «እ» ብላ ውሃዋን ጠጣች።

ፀሐይወርቅ የመራዊ ልጅ ናት። የአንድ መሥሪያ ቤት የሩጫ ክለብ በልጅነቷ አይቷት ባሕር ዳር አመጣት። እኔ ያገኘኋት ስታዲየሙ በር ላይ ተራ ይዤ ስቆም ነው። ያኔ አሥር ሺህ ሜትር ትሮጥ ነበር፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ነገረኛም ቢጤ ነበረች። ተጋባን። ዜማን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ሮጠች። ብሩክን ስትወልድ ግን አንድ ነገር ከውስጧ አብሮ ወጣ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሐኪም ዘንድ ወስጃትም «ጤነኛ ናት» ከማለት ሌላ የነገረኝ የለም። አትስቅም፣ አትቆጣም። ልጇን ስታጠባ ግድግዳውን ታያለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም» ትለኛለች፤ ደግሞ ውሸቷን አልነበረም። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ፣ ድስት ብትወረውርብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አልወረወረችም።

ሩጫዋም ዘገየ። አሰልጣኟ መልካሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ማለስለስ ግን አልተፈጠረበትም። እኔ ባለሁበት ነው የነገራት። «ስሚ ፀሐይወርቅ፣ ለአሥር ሺህ ፍጥነትሽ ሄዷል። ማራቶን እንሞክር። ከፋሲካ በኋላ ክለቡ የሰዓት ማሟያ ውድድር እዚሁ ከተማ ያዘጋጃል። ከሁለት ሰዓት ከአርባ በታች ከገባሽ ትቆያለሽ። ካልገባሽ ስምሽ ይሰረዛል፤ እኔም ላድንሽ አልችልም።»

«እሺ» አለች። እሺ ብቻ!

እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥሁ። የክለቡ ደመወዝ ቤቱን እንደሚያቆመው አላጣሁትም። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ያቺን ሴት ጧት ከአልጋዋ የሚያስነሣት ሩጫው ብቻ ነበር። ጫማዋን ስታስር ፊቷ ላይ አንድ ነገር አያለሁ፤ ሰው ትሆናለች። እሱን ከቀሟት ቤቴ ውስጥ የሚቀረኝ ግድግዳ የምታይ ሴት ናት። ይኼንን ስላወቅሁ ነው ከሥራ በፊት ነዳጄን እያቃጠልሁ ዘንዘልማ የምመላለሰው።

እናቷ እማማ የሺአረግ ከመራዊ እየመጡ ልጆቹን ይይዙልን ነበር። እኔን አይወዱኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልሞትሁላቸውም። ስሜን ጠርተው አያውቁም። «ያ ባለሦስት እግሩ ገባ?» ነው የሚሉት። ልጃቸው አስፋልቱን ይዛ ስትሮጥ ባዩ ቁጥር «ኧረ ማን እያባረራት ነው?» ይላሉ። ከሩጫ ስትመለስ ግን ደጃፍ ላይ ቆመው የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። ፀሐይ የመታው ጡት ለልጅ አይሰጥም ብለው መጀመሪያ መሬት ላይ ካላፈሰሰችው ብሩክን አያስነኳትም። እሷም ትታዘዛለች። በዚያ ዓመት ሰው ሲያዛት ልቧን ሰጥታ የምትሰማው እናቷን ብቻ ነበር።

የመስኖው ስንዴ ሲደርስ እማማ የሺአረግ «አሳጭጄ እመለሳለሁ» ብለው አገራቸው ገቡ። ከዚያ የመራዊ መንገድ ተዘጋ፤ የዚያው ስልክም ጠፋ። እኛ ለዚህ አዲስ አይደለንም፤ ሲከፈት ይከፈታል እንላለን። ልጆቹን ባጃጅ ላይ መጫን የጀመርነውም ያኔ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ መናኸሪያው አጠገብ ተራዬን ስጠብቅ አያ አለበል መጡ። የእማማ የሺአረግ ታናሽ ወንድም ናቸው። መንገዱ መከፈቱን ያወቅሁት እሳቸውን ሳይ ነው። ደስ አለኝ፤ ከባጃጇ ዘልዬ ወረድሁ።

«እንዴት ሰነበቱ አያ አለበል! እማማ ይዘዋቸው መጡ?»

«ና እስቲ ከጥላው እንቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥን። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና «እህቴን ቀበርኋት» አሉኝ።

እንዲህ ነው ያሉኝ፤ ሳይዞሩ፣ ሳይጠመዘዙ። ሰንበትበት ብሏል አሉ። ሆዳቸውን አሟቸው ተኙ፤ ብዙም አልቆዩ። መንገድ የለ፣ ስልክ የለ፣ ሬሳ አይጠብቅ፤ ቀበሯቸው።

«ፀሐይወርቅን አሁኑኑ ይዘናት እንሂዳ!» ብዬ ብድግ አልሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አደራ አለብኝ። እህቴ ነፍሷ ሳትወጣ በእመቤታችን አስምላኛለች። ‹ልጄን ሩጫዋን ሳትጨርስ እንዳታረዷት። ለቅሶ ከተቀመጠች እግሯ ይታሰራል፤ እግሯ ከታሰረ ያ ክለብ ይጥላታል። አደራ ለዚያ ለባለሦስት እግሩም ንገረው› ብላኛለች።»

በኛ ወግ መርዶ ይቆያል፤ እሱን አላጣሁትም። የአራስ መርዶ ይቆያል፣ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ መርዶ ይቆያል። የሯጭ መርዶ ይቆያል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ነገሩን ሳስበው እውነታቸውን ነው። እናቷ መሞቷን የሰማች ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ትቀመጣለች፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐዘኗ ሳይወጣ በቁምጣ አስፋልት ላይ ብትወጣ የሰፈሩ ሴቶች በቁሟ ይበሏታል። እሷም ራሷ አትወጣም። ስለዚህ ወይ ዛሬ ታውቅና ሩጫው ይቀራል፣ ወይ ሩጫው ያልቅና ታውቃለች። ሌላ መንገድ አልነበረም።

«እሺ» አልሁ። እንደ እሷው።

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። አያ አለበል «ለዕድራችሁ ዳኛ ነግሬ ልመለስ፤ የሩጫው ቀን ድንኳን ጥለው ይጠብቁን፤ እንደጨረሰች እኔው መጥቼ አረዳታለሁ» ብለው ሄዱ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ መጥታ «ሽምብጥ ትሄዳለህ?» አለችኝ፤ ጫንኋት። ስለ ቲማቲም መወደድ አወራችኝ፤ መለስሁላት። ማልቀስ አለብኝ ብዬ ሽምብጥ ዳር ባጃጇን አቁሜ ጠበቅሁ። አልመጣም። ከእጄ መዳፍ እስከ ትከሻዬ ድረስ የሌላ ሰው ክንድ የተሸከምሁ መሰለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ሽሮዬን በላሁ፤ ዜማ ቀልድ ነገረችኝ፤ ሳቅሁ። ያስጠላኝ ያ ሳቄ ነው።

ፀሐይወርቅ ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ «እማን ሞከርህላት?» ትለኛለች።

«ኔትወርክ የለም» እላለሁ።

የመራዊ ኔትወርክ ደግሞ እውነትም አልነበረም። እንዲህ ያለ ውሸት ይበልጥ ያደክማል።

አያ አለበል ግን ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ዕድር ሰማ ማለት ሰፈር ሰማ ማለት ነው። አፋቸውን ዘጉ፤ ያን አልክድም። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ነገር ግን ደግነታቸው መውጫ አሳጣን! ቦኖው ላይ ወረፋ ለእናቱም የማይለቅ ሰው ሁሉ «ግቢ ፀሐይዬ፣ ቅጂ» ይላታል። አንዷ አጥሚት በፔርሙዝ ታመጣለች፤ አንዷ ቂንጬ ትሠራለች፤ አንዷ ብሩክን ከእጇ ነጥቃ አዝላው ትሄዳለች። ሰላምታቸው ደግሞ! ጉንጯን ስመው አይለቋትም፤ ከዚያ ዞር ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ዳኛው ቤት ሄድሁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሴቶቹን አንድ ይበሉልኝ! ይኼ ሰፈር እንዲህ ደግ ሆኖ አያውቅም! ታውቅባቸዋለች!»

«ምን ላድርግልህ አምባቸው?» አሉኝ ሽማግሌው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ደግ አትሁኑ ብዬ ስብሰባ ልጥራ?»

ያም አለፈ። ፀሐይወርቅ አጥሚቱን ትጠጣለች፣ ቂንጬውን ትበላለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ምንም የጠረጠረች አትመስልም። እኔም የደነዘዘች ሚስት እንዲህ ባለ ቀን ጥሩ ናት አልሁ። እዩት እንግዲህ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሁ!

ከዚያ ሰብለ ወንጌል መጣች።

ሰብለ ወንጌል ከግንቡ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት። በእሷ ዶሮዎችና በኛ የልብስ እጣቢ ምክንያት ተጣልተን፣ እግዜር ይማርሽ እንኳ መባባል ትተን ነበር። የተኳረፈ ሰው ደግሞ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ አይገባም፤ ቀድሞ መታረቅ አለበት። አለዚያ በድንኳኑ ሰው መሀል ዓይን ይበላዋል። ሴትዮዋ ይኼን አሰላች። የመርዶው ቀን ከማፍር ዛሬውኑ ልገላገል አለች መሰለኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አውጥታ የማታውቀውን ነጩን ነጠላዋን ለብሳ፣ ዘው ብላ ግቢያችን ገባች።

ፀሐይወርቅ የልጆቹን ልብስ እያጠበች ነበር። እኔ የባጃጇን ጎማ እፈታለሁ። ሰብለ ወንጌል ከሳፋው አጠገብ ደርሳ ጉልበቷ ላይ ወደቀች።

«ፀሐይወርቅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ማርያም ይቅር በይኝ።»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ! ተነሽ እንጂ!» ብዬ ጮህሁ። ለዶሮ ጠብ ማን ጉልበቱ ላይ ይወድቃል?

ፀሐይወርቅ እጇ እስከ ክንዷ አረፋ ነው። ሴትዮዋን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ጎማውን አየሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

ሰብለ ወንጌል እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። እንባ! እኔ የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ «ምን ሆና ነው እቴ?» አልሁ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«እንጃላት» አለች ፀሐይወርቅ። የብሩክን ሸሚዝ ከሳፋው አውጥታ መጭመቅ ጀመረች። ውሃው ካለቀም በኋላ ትጨምቀው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ «እማን ሞከርህላት?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ምን አልሁ? ሩጫው ሐሳቧን ወስዶታል አልሁ። ተገላገልሁ አልሁ። ሰው እኮ ማመን የሚፈልገውን ለማመን ብዙ አይቸገርም።

ሩጫዋ ተለወጠ። ብሩክ ሲያለቅስ መቆሟን ተወች። «በጡጦ ስጠው» ትለኛለች ዞር ሳትል። ከዘንዘልማ አልፋ፣ አዳዲሶቹ ቤቶች አልቀው እርሻው እስከሚጀምርበት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ከሄደችበት ትፈጥናለች። መልካሙ በሞተሩ መጥቶ ሰዓቱን ሲያይ ዓይኑን አላመነም።

«አምባቸው፣ ምን እያበላሃት ነው?» አለኝ።

እሱም ያውቃል፤ ለእሱም ነግረነዋል። ወዲያው ትዝ ሲለው ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

አንድ ጧት ብሩክ ጡጦውን እምቢ አለ። ባጃጇን ዋርካ ሥር አቆምሁ፤ ፀሐይወርቅ ገብታ አጠባችው። ዜማ ከጎኗ ተለጥፋ «እማዬ፣ እማማ መቼ ነው የምትመጣው?» አለቻት። እኔ ቀደም ብዬ «መንገድ ሲከፈት» አልሁ። ከባሕር ዳር መራዊ የሚሄደው ሚኒባስ ሰው መጫን ከጀመረ ሳምንት አልፎታል፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም በየቀኑ መናኸሪያው በር ላይ ስታልፍ ረዳቱ «መራዊ! መራዊ!» ሲል ትሰማለች። ፊቷን አየሁት፤ ባዶ ነው። አሁንስ በቃኝ አልሁ። አደራም ቢሆን፣ መሐላም ቢሆን፣ ሚስቴን እንዲህ አታልዬ ልኖር አልችልም። አፌን ከፈትሁ።

«ፀሐዬ፣ አንድ ነገር...»

እጇን አንሥታ አፌን ያዘችኝ። በእውነት፣ በመዳፏ ከደነችው። እጇ ላብና አቧራ ይሸታል።

«ሩጫው እስኪያልቅ ምንም እንዳታወራኝ» አለችኝ። «የቤት ነገርም ቢሆን፣ የሰው ነገርም ቢሆን። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልሁ በመዳፏ ውስጥ።

ልጁን አስታቅፋኝ ወረደችና ሮጠች።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ገና ጎህ ሲቀድ ባጃጇን ሳስነሣ የሰፈሩ ሴቶች በየደጃፋቸው ነጭ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። «ይቅናሽ!» ይሏታል። ሁለት ጎረምሶች ደግሞ የድንኳኑን ብረት በትከሻቸው ይዘው ከጥጉ ብቅ አሉ። እናንተ እርጉሞች፣ እስክንሄድ እንኳ አትጠብቁም? በዓይኔ አፍጥጬ መለስኋቸው። ፀሐይወርቅ የጫማዋን ክር ታይ ነበር። «እንሂድ» አለች።

መንገዱ ከከተማ ተነሥቶ በድልድዩ ወደ ዘንዘልማ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ነው፤ ማብቂያው ጣና ዳር፣ ዛፎቹ ጥላ የሚጥሉበት ጎዳና ላይ ነው። ባጃጅ መከተል ተከልክሏል። እኔ ልጆቹን ይዤ ድልድዩ አፍ ላይ ቆምሁ። ዜማ የውሃውን ኮዳ በሁለት እጇ ይዛ አልሰጥም አለች፤ እኔ ነኝ የምሰጣት አለች።

መጀመሪያ ስታልፍ ደኅና ነበረች። ስትመለስም ደኅና ነበረች። ሁለተኛውን ዙር ሄዳ ስትመለስ ግን ከሩቅ አየኋት። ትከሻዋ ወድቋል። ላቧ ደርቆ ፊቷ ላይ ጨው ሠርቷል። መልካሙ ከጎኗ በሞተር እየሄደ «እየጣልሽው ነው! ሰዓቱን እየጣልሽው ነው ፀሐይወርቅ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኼን ሰዓት ካጣችው ዛሬ ቤት ስትገባ እናቷንም ሩጫዋንም በአንድ ድንኳን ልንቀብርላት ነው። ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ ኔትወርክ የለም፣ ለምን ሆነ? ወርጄ ከኋላዋ ልግፋት ወይ?

«እማዬ፣ እንኪ!» አለች ዜማ።

ኮዳውን ተቀበለቻት፤ አልጠጣችውም፤ አናቷ ላይ ደፋችው። የልጇን ፊት አየች፤ እኔን አላየችኝም። ከዚያ ድልድዩን ያዘችው። እንዴት አድርጋ እንደሆነ እኔ እንጃ፤ ከፊቷ የነበሩትን ሁለቱን ሴቶች ድልድዩ ላይ አለፈቻቸው።

ልጆቹን ጭኜ በውስጥ ለውስጥ መንገድ በረርሁ። ማብቂያው ጋ ስደርስ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። መልካሙ ሰዓቱን ጨብጦ በከንፈሩ ይቆጥራል። ፀሐይወርቅ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። እጇን እያየሁ ነበር፤ እጇ ከሄደ እግሯ ይሄዳል ይላል መልካሙ። ሄደች። ማብቂያው ላይ በተወጠረው ጨርቅ ሥር ስታልፍ መልካሙ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረና «ገባች! በታች ገባች!» ብሎ አቀፈኝ። ፊቱ በእንባ ርሷል። እኔ አሁንም ምንም አልተሰማኝም። አለቀ፤ አሁን ቤት ልወስዳት ነው፤ አያ አለበል ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የሳቸው ሥራ ነው አልሁ።

ዞር ስል ፀሐይወርቅ የለችም።

ሌሎቹ ሯጮች ማብቂያውን አልፈው አስፋልቱ ላይ ይዘረራሉ፤ ጉልበታቸውን ይይዛሉ፤ ውሃ ይደፋባቸዋል። እሷ አልቆመችም። የክለቡ ልጆች ፎጣ ይዘው ሲጠብቋት በመሀላቸው አልፋ ሄዳለች። «ፀሐይወርቅ! አልቋል! ቁሚ!» ይላል መልካሙ። ሰው ሳቀ። ሩጫው ናላዋን አዞረው አሉ። ቁጥር ያለበት ጀርባዋ ከዛፎቹ ሥር እየራቀ ሲሄድ ይታየኛል።

ባጃጇን አስነሣሁ። ትራፊኩ ፊሽካ ነፋብኝ፤ አልሰማሁትም። የጣናን ዳር ይዤ ደረስሁባት። እንደ ልምምዳችን ከጎኗ ሆንሁ። እርምጃዋ ሩጫ ነው ለማለት ይቸግራል፤ ግን አልቆመችም።

«ፀሐይወርቅ! ገብተሻል እኮ! ሰዓቱን አሟልተሻል!»

«ሰምቻለሁ» አለች።

«እንግዲያው ቁሚ! አልቋል! ግቢ፣ ቤት ልውሰድሽ!»

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። «አያ አለበል መጥተዋል አይደል?» አለችኝ።

ስንት ቀን ሙሉ ሳይንተባተብ የዋሸ አፌን ልመልስላት ከፈትሁት።

«እንዳትመልስልኝ!» አለች። ጮኸች። ብሩክን ከወለደች ወዲህ ስትጮህ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። «እስክጨርስ አይደል ልትጠብቁኝ የተማማላችሁት?»

«ፀሐዬ...»

«አልጨረስሁማ! እየሮጥሁ ነው። እስክቆም ድረስ እናቴ መራዊ ናት። ትንሽ ተወኝ፤ ትንሽ ብቻ።»

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ለእማማ የሺአረግ ይሁን፣ ለእሷ ይሁን፣ አላውቅም። መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ስንት ጧት ከኋላዋ ስነዳ፣ እኔ ምሥጢር የያዝሁላት መስሎኝ፣ ለካ እሷ ናት የያዘችልኝ።

«አባዬ፣ እማዬ ለምን አትቆምም?» አለች ዜማ ከኋላ።

«አልጨረሰችም ልጄ» አልኋት።

ማርሽ ቀንሼ ከኋላዋ ሆንሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል፤ ዳኛው ናቸው፣ ወይ አያ አለበል። ድንኳኑ ቆሟል፣ ሰፈሩ ተሰብስቧል፣ እየጠበቁን ነው። ይጠብቁ።